ተጠየቅ ያልተባለ ፈላስፋ

በአማርኛ ስለ ታላላቅ ፈላስፎች የሚጻፈውንና የሚተረከውን አዘውትሮ የሚከታተል ሰው የአጻጻፉን ሥርዓት በቃሉ ሊወጣው ይችላል። መጀመሪያ የትውልድ ዘመንና አገር ይመጣል። ቀጥሎ የአባት ሙያና የሚስት ጠባይ ይነገራል፤ ባለታሪኩ ሶቅራጥስ ከሆነ የሚስቱ የዛንቲፒ ቁጣ አይቀርም። ከዚያ ማዕረግ ይደረደራል፤ «የምዕራቡ ዓለም አስተሳሰብ አባት»፣ «የዘመናዊ ፍልስፍና መሥራች»። ከማዕረጉ በኋላ ዐሥር ያህል ጥቅስ፣ በመጨረሻም አሟሟቱ። አንባቢው «ወይ ጉድ፣ እንዴት ያለ ሰው ነበር!» ብሎ ያልፋል። ሰውየው ስለ ምን ተከራከረ? ከማን ጋር? ማስረጃውስ ምን ነበር? ተብሎ ቢጠየቅ ግን መልስ የለውም። አልተነገረውማ።

እኔ ይህን ማስተዋወቅ አልለውም። አንድ ሰው ስሙን፣ የአባቱን ስምና አገሩን ነግረውን፣ አንዲት ቃል ሳንለዋወጥ ቢያልፍ «ተዋውቀናል» አንልም። ፈላስፋን የምንተዋወቀው በሙግቱ ነው። ሙግቱን ትቶ ሰውየውን ብቻ ማሳየት፣ ስመ ጥር ጠበቃን ችሎት ላይ ሳያሰሙ ፎቶግራፉን ግድግዳ ላይ እንደ መስቀል ነው። በአማርኛ ፎቶግራፉ በዝቷል፤ ችሎቱ ግን ባዶ ነው።

ካንትን እንውሰድ። ስለ ካንት አማርኛ አንባቢ የሚያውቀው አንድ ነገር ቢኖር፣ የከተማው ሰዎች እሱ ለሽርሽር ሲወጣ እያዩ ሰዓታቸውን ያስተካክሉ ነበር የሚባለውን ወሬ ነው። ካንት ራሱ ግን በ1783 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ከዚህ የሚበልጥ ነገር ነግሮናል፤ ከእንቅልፉ የቀሰቀሰው ስኮትላንዳዊው ዴቪድ ሂዩም መሆኑን። ሂዩም የጠየቀው ቀላል የሚመስል ጥያቄ ነው። እሳት ውኃን ሲያፈላ እናያለን። ያየነው ግን አንዱ ሌላውን ተከትሎ መምጣቱን ብቻ ነው፤ «ግድ ነው» የሚባለውን ነገር በዓይናችን አላየነውም። ታዲያ ነገም እሳቱ ውኃውን ያፈላል ብለን የምንተማመነው በምንድን ነው? በልማድ ነው ካልን ሳይንስ ሁሉ ልማድ ሊሆን ነው። ካንት ትልቁን መጽሐፉን የጻፈው ይህ ጥያቄ እንቅልፍ ስለነሳው ነው። እኛ የሰዓቱን ወሬ እናወራለን፤ እንቅልፍ የነሳውን ጥያቄ እንተወዋለን።

የጥቅሱ ነገር ደግሞ የባሰ ነው። ጥቅስ ከሙግት የተቆረጠ ፍርድ ነው፤ ፍርዱን ይነግረናል፣ ክርክሩን ይደብቀናል። ብዙ ጊዜም ጥቅሱ የሰውየው አይደለም። በአንድ ሰው ሐሳብ ባልስማማም የመናገር መብቱን እስከ ሞት እጠብቃለሁ የሚለው ንግግር በቮልቴር ስም ስንት ጊዜ ተጠቅሷል! ዓረፍተ ነገሩን የጻፈችው ግን ኤቭሊን ቢያትሪስ ሆል የምትባል እንግሊዛዊት ጸሐፊ ናት፤ ጊዜው 1906 እ.ኤ.አ. ሲሆን ቮልቴር ከሞተ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎ ነበር። ምንም እንደማያውቅ ብቻ ያውቃል የተባለለት ሶቅራጥስም በአፍላጦን «የሶቅራጥስ መከላከያ» ውስጥ እንዲህ ብሎ አልተናገረም። እዚያ ያለው ጠንቃቃ ሰው ነው፤ የማያውቀውን ነገር አውቃለሁ ብሎ አያስብም፣ ከሌሎቹ የሚበልጠውም በዚህች ጥቂት ነገር ብቻ መሆኑን ይናገራል። ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ አይደለም። የመጀመሪያው ጥቅስ ለሰነፍ መደበቂያ ይሆናል፤ ማንም ምንም አያውቅምና ዝም እንበል ያሰኛል። ሁለተኛው ሥራ ያዛል፤ «አውቃለሁ» ያልከውን አንድ በአንድ መርምር ይላል።

የኒቼም ዕጣ ከዚህ የተሻለ አይደለም። በመድረኮቻችንና በስብከቶቻችን የእግዚአብሔርን ሞት በትዕቢት ያወጀ፣ ኋላም አብዶ የሞተ ሰው ተደርጎ ይቀርባል፤ ማበዱም እንደ ቅጣት ይነገራል። በ1882 እ.ኤ.አ. በታተመው መጽሐፍ ውስጥ ግን ይህን አዋጅ የሚናገረው በጠራራ ፀሐይ ፋኖስ ይዞ ገበያ ውስጥ የሚሮጥ አንድ እብድ ነው። የሚናገረውም ለአማኞች አይደለም። የሚሰሙት ቀድሞውኑ ማመን ያቆሙ፣ እሱን እያዩ የሚስቁ ሰዎች ናቸው። እብዱ የሚደነግጠው በሳቃቸው ነው፤ ሕጋችሁ፣ ምግባራችሁ፣ የሰው ክብር የምትሉት ሁሉ የቆመበትን መሠረት አፍርሳችሁ እንዴት ቀልላችሁ ትሄዳላችሁ ነው ነገሩ። በኒቼ መልስ መስማማት ግዴታ አይደለም፤ እኔም በብዙው አልስማማም። ጥያቄው ግን ከአማኝም ከኢአማኝም በር ላይ የቆመ ነው። በጥቅስ ያወቀው ሰው ግን ወይ ይረግመዋል ወይ ቲሸርቱ ላይ ያትመዋል። ሁለቱም አላነበቡትም።

«ጥቅስ መውደድ እኮ የአባቶቻችን ነው» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገደማ ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የተመለሰው «አንጋረ ፈላስፋ» በሶቅራጥስ፣ በአፍላጦንና በአርስቶትል ስም የተሰበሰቡ ብዙ ምክሮች ያሉበት መጽሐፍ ነው። ነገር ግን መጽሐፉ የተዘጋጀበትን ዓላማ ያውቃል፤ ሰውን በምግባር ለማነጽ የተሰናዳ የምክር መጽሐፍ ነው፣ የአርስቶትልን ሙግት አስረዳለሁ አላለም። የዛሬው ጥቅስ ለቃሚ ግን ምክሩንም አያደርስ፣ ሙግቱንም አያስተምር። ከዚህም በላይ የአባቶች ቅርስ ምክር ብቻ አይደለም። አንድምታው አለ፤ አንዲቱን ቃል ይዞ «አንድም» እያለ ትርጓሜ በትርጓሜ ላይ የሚያፈላልግ፣ ጥያቄ አንሥቶ የሚመልስ። ባላገሩ ዛፍ ሥር ቆሞ «ተጠየቅ!» እያለ የሚሟገትበት በልሃ ልበልሃ አለ። ፍልስፍናን ለሕዝብ ማቅረቢያ መሣሪያ ካስፈለገን እሱው ነበር፤ ጥለን ያለፍነውም እሱኑ ነው።

እስቲ ፈላስፋን በሙግቱ ማቅረብ ምን እንደሚመስል በአንድ ምሳሌ ልሞክር። አፍላጦን «ኤውቲፍሮ» በተባለው ጽሑፉ ሶቅራጥስን ፍርድ ቤት ደጃፍ ላይ ያቆመዋል። ሶቅራጥስ በአማልክት ላይ አምጿል ተብሎ ተከሷል። እዚያው ኤውቲፍሮ ከሚባል ሰው ጋር ይገናኛል፤ እሱ ደግሞ የገዛ አባቱን በነፍስ ግድያ ሊከስ መምጣቱ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ናክሶስ በምትባል ደሴት እርሻቸው ላይ በቅጥር ይሠራ የነበረ ሰው ሰክሮ ከቤቱ ባሪያዎች አንዱን ገደለ። አባትየው ገዳዩን አስሮ ጉድጓድ ውስጥ ጣለው፤ ምን ይደረግ ብሎም ወደ አቴና መልእክተኛ ላከ። መልእክተኛው ሳይመለስ እስረኛው በብርድና በረሃብ ሞተ። ዘመድ ሁሉ «ልጅ አባቱን እንዴት ይከሳል?» ብሎ ተቆጣ። ኤውቲፍሮ ግን አማልክት የሚወዱትን ጽድቅ አሳምሬ አውቃለሁ ብሎ ቆሟል።

ሶቅራጥስ «እንግዲያው ጽድቅ ምን እንደሆነ አስተምረኝ» ይለዋል። ብዙ ከተባባሉ በኋላ ኤውቲፍሮ፣ ጽድቅ ማለት አማልክት ሁሉ የሚወዱት ነው ይላል። ያን ጊዜ ያ ጥያቄ ይመጣል፦ ጽድቅ የሆነው እነሱ ስለወደዱት ነው ወይስ ጽድቅ ስለሆነ ወደዱት? ወደ እኛ መንደር እናምጣው። የአገር ሽማግሌዎች የፈረዱት ፍርድ ትክክል የሚሆነው እነሱ ስለፈረዱት ነው ወይስ ትክክል መሆኑን አይተው ፈረዱት? «እነሱ ስለፈረዱት» ካልን፣ ነገ ድሃውን ቢበድሉም በደሉ ፍትሕ ይሆናል፤ «ሽማግሌዎቻችን ፍትሐዊ ናቸው» ማለትም ምስጋና መሆኑ ይቀራል፣ የሚፈርዱት ሁሉ ፍትሕ ነውና። «ትክክል ስለሆነ ፈረዱት» ካልን ደግሞ ከሽማግሌዎቹ በፊት የቆመ መለኪያ አለ ማለት ነው፤ መለኪያ ካለ እኛም ልንለካበት፣ እነሱንም ልንጠይቅበት እንችላለን።

አሁን ይህን ጥያቄ ከሽማግሌ ወደ ፈጣሪ እናሻግረው፤ ሸክሙ ያን ጊዜ ይታወቃል። በእስልምና ሊቃውንት መካከል ሙዕተዚላዎች መልካሙንና ክፉውን አእምሮ ራሱ ሊለየው ይችላል ሲሉ፣ አሽዓሪዎች ደግሞ መልካም የሚባለው አላህ ያዘዘው ነው ብለው ተከራክረዋል። ከክርስቲያን ሊቃውንት ብዙዎቹ ሦስተኛ መንገድ ፈልገዋል፤ መልካምነት ከእግዚአብሔር ውጭ የቆመ መለኪያ አይደለም፣ እንዲሁ በፈቃድ የወጣ ትእዛዝም አይደለም፣ የራሱ ባሕርይ ነው ብለዋል። ጠያቂው ግን ገና አልጨረሰም፦ ባሕርዩ መልካም ነው ስትል «መልካም» የሚለው ቃል ምን ማለት ነው? ከባሕርዩ በቀር ትርጉም ከሌለው፣ ባሕርዩ እንደ ባሕርዩ ነው ከማለት በምን ይለያል? አማኙም መልስ ያዘጋጃል፤ ሙግቱ ይቀጥላል።

ልብ በሉልኝ፣ እዚህ ለመድረስ የሶቅራጥስ አባት ድንጋይ ጠራቢ መሆኑን ማወቅ አላስፈለገንም። አንድም የባዕድ ቃል አላስፈለገንም። ባሕርይ፣ ፈቃድ፣ ፍርድ፣ መለኪያ፤ ሁሉም በቤታችን ያሉ ቃላት ናቸው። ነገረ ሃይማኖት በሰማ ጆሮ «ባሕርይ» እና «አካል» ተለይተው ይሰማሉ፤ በእነዚህ ሁለት ቃላት የተነሣ ስንት ጉባኤ ተደርጓል፣ ስንት ሰው ተሰዷል። ይህን ያህል የተሳለ ቋንቋ ያለው ጸሐፊ «ኢፒስቲሞሎጂ»፣ «ሜታፊዚክስ»፣ «ኦንቶሎጂ» እያለ ገጹን ሲሞላ ጥልቀቱን እያሳየ አይመስለኝም። ራሱ ያልገባውን ነገር በሰው ቃል እየሸፈነ ነው።

ሌላው የማስተዋወቅ ጉድለት ፈላስፋውን ያለ ተቃዋሚው ማቅረብ ነው። ዴካርት በ1641 እ.ኤ.አ. «አስተንትኖዎች» የተባለውን መጽሐፉን ሲያሳትም የሆብስን፣ የአርኖን፣ የጋሴንዲንና የሌሎችን ተቃውሞ ከነመልሱ አብሮ አሳትሟል። ሰውየው ራሱን ያስተዋወቀው ከተቃዋሚዎቹ ጋር ነው ማለት ነው! ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ የቦሄሚያዋ ልዕልት ኤልሳቤጥ ደብዳቤ ጻፈችለት። አባቷ ዙፋኑን ካጣ በኋላ ቤተሰቧ በስደት ሄግ ከተማ ይኖር ነበር። ነፍስ ግዙፍ አካል ከሌላት ግዙፉን ሥጋ እንዴት ታንቀሳቅሰዋለች? ብላ ጠየቀችው። ዴካርት የሰጣት መልስ አላረካትም፤ ደግማ ጠየቀችው። ጥያቄዋ እስከ ዛሬ የፍልስፍና መምህራንን ያከራክራል። በአማርኛ የዴካርት ታሪክ ውስጥ ግን ይህችን ስደተኛ ፈልጋችሁ አታገኟትም። ታላቅነቱን ለማሳመር ሲባል ትልቁ ፈተናው ተቆርጦ ወጥቷል።

«ይህ ሁሉ የሥነ ጽሑፍ ጉዳይ ነው፤ ምን ያስቆጣሃል?» የሚለኝ ካለ፣ የቅርብ ታሪካችንን ላስታውሰው። አንድ ፈላስፋ በኢትዮጵያ በስፋት የተዋወቀበት ዘመን ነበረ፤ ካርል ማርክስ። ተማሪው በ1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብሎ አደባባይ ሲወጣ ጥያቄው የአገር ጥያቄ ነበር፤ ጭሰኛውን ያየ ሁሉ የሚያውቀው። ጥያቄውን ሊያብራራ የመጣው ፍልስፍና ግን ቶሎ ጥቅስ ሆነ። አብዮቱ ከፈነዳ በኋላ ማርክሲዝም የመንግሥት ትምህርት ሲሆን፣ በየመሥሪያ ቤቱና በየቀበሌው የውይይት ክበብ ተቋቋመ፤ ከውይይቱ በፊት መልሱ የታወቀ ውይይት! ኢሕአፓም መኢሶንም ደርግም ከነማርክስና ከነሌኒን ይጠቅሱ ነበር። አንዱ የጠቀሰውን ሌላው በሌላ ጥቅስ ይመታው ነበር። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ጥቅሱ ወደ ጥይት ተለወጠ።

ቀይ ሽብርን ያመጣው መጥፎ አተረጓጎም ብቻ ነው አልልም፤ ሥልጣንና ጠመንጃም ነበሩ። ግን ማርክስን በሙግት የተዋወቀ ሰው «ይህ የት ላይ ይሳሳታል?» ብሎ ለመጠየቅ ይችላል። በጥቅስ የተዋወቀው ከመፈክሩ ጎን ከመሰለፍ በቀር መንገድ የለውም። ሃይማኖትን ከአደንዛዥ ዕፅ ጋር ያመሳሰለበትን ሐረግ ስንቱ በቃሉ ያዘ! እዚያው አጠገቡ ሃይማኖትን የተጨቆነ ሰው እስትንፋስ አድርጎ የሚያይበት የርኅራኄ ቃል እንዳለ ያነበበ ግን ጥቂት ነው። ያ ትውልድ አንባቢ ነበር፤ ለአገሩም የተጨነቀ ነበር። የእኛ ዘመን ጥቅስ ለቃሚ ያን ያህል እንኳ አያነብም። ጥይቱ የለም ብለን ልንጽናና እንችል ይሆናል፤ የአእምሮው ልማድ ግን ያው ነው፤ ትልቅ ስም ሲጠራ ክርክር ያበቃል።

ይህ ልማድ ከሁሉ በላይ የሚያስተዛዝበው በዘርዓ ያዕቆብ ላይ ነው። በውጭ አገር ያለን ሰዎች ስሙን እንደ ባንዲራ እናውለበልባለን፤ «ከዴካርት በፊት የነበረ ኢትዮጵያዊ ፈላስፋ!» እንላለን። «ሐተታ»ውን ግን ከነሙግቱ ያነበበው ስንቱ ነው? ያነበበማ «ከዴካርት በፊት» ሲል ጥቂት ይጠነቀቅ ነበር። እንደ ጽሑፉ አገላለጽ ዘርዓ ያዕቆብ ዋሻ ገብቶ ያሰበው በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ነው፤ የጻፈው ግን በ1667 እ.ኤ.አ. ነው፤ የዴካርት «ንግግር ስለ ዘዴ» በ1637 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ጣሊያናዊው ሊቅ ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 እ.ኤ.አ. ድርሰቱ የኢትዮጵያዊ ሳይሆን የእጅ ጽሑፉን ወደ አውሮፓ የላከው የሚስዮናዊው የጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው ብሎ ጽፏል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ካናዳዊው ክሎድ ሰምነር ደግሞ ጽሑፉን ለዓመታት አጥንተው ኢትዮጵያዊ ነው ብለው ተሟግተዋል። ክርክሩ ዛሬም አላለቀም። እኛ ግን ክርክሩ ሲነሣ ማስረጃ ከመመዘን ይልቅ እንደ ተሰደበ ሰው እንቆጣለን።

የጽሑፉን ነገር ስናስብ ቁጣችን ራሱ ያሳፍራል። ሐተታ ማለት ምርመራ ማለት ነው። በዋሻው ያለው ሰው የሚጠይቀው ይህን ነው፦ እያንዳንዱ የእኔ ሃይማኖት እውነት ነው፣ የሌላው ሐሰት ነው ይላል፤ ሁሉም ተከራካሪ ከሆነ ዳኛው ማን ነው? ሰው ለምን ይሳሳታል ሲልም፣ መመርመር አድካሚ ስለሆነ ከቀደሙት የሰማውን ማመን ይቀለዋል ይላል። ይህን ያለ ሰው፣ ሳይመረመር፣ ከሌላ በተሰማ ወሬ ጀግና ሲደረግ ምን ይባላል? የሰማኸውን ሁሉ አትመን ያለውን ሰው በስሚ ስሚ አመንነው። ዘርዓ ያዕቆብን ማክበር ማለት በጾምና በምንኩስና ላይ የሰነዘረውን ትችት አውጥቶ «እዚህ ላይ ተሳስተሃል» ወይም «እዚህ ላይ ልክ ነህ፤ ምክንያቱም» ብሎ መመለስ ነው። ጽሑፉ የማንም ይሁን የማን፣ ጥያቄው እንደሆነ እዚያው አለ።

ለጥቅስ ጸሐፊዎች የሚቀርበው መከላከያ የታወቀ ነው። «ሰፊው አንባቢ ጊዜ የለውም፤ ከባድ ነገር አይወድም፤ ጥቅስ በር ይከፍትለታል» ይላሉ። በር ከፍቶ ያስገባ ጥቅስ ካለ እሰየው። እኔ የማየው ግን ግድግዳ ላይ የተሣለ በር ነው፤ ሰው ቢገፋው አይከፈትም። «አንባቢው አይችልም» የሚለው ደግሞ ንቀት ነው። ሰምና ወርቅ የሚለይ፣ በዕድር ስብሰባ በአንዲት የመተዳደሪያ ደንብ አንቀጽ ሦስት ሰዓት የሚከራከር ሕዝብ ሙግት አይወድም ማለት እንዴት ይቻላል? ሌሊት ታክሲ እየነዳ የፈላስፋ ትረካ የሚያዳምጠው ወገኔ፣ በሰው አገር ሰው ቤት እየሠራች ማታ ስልኳ ላይ የምታነበው እህቴ፣ ጊዜያቸው አጭር ነው። ጊዜያቸው አጭር ስለሆነ ነው የማይረባ ነገር የማይገባቸው። ስለ ፍትሕ፣ ስለ ስደት፣ ስለ ፈጣሪ፣ ልጅ በሰው ባህል ስለ ማሳደግ የሚያብሰለስላቸው ጥያቄ አለ። ከፈላስፋው ጋር ቢገናኙ የሚነጋገሩት ነገር አላቸው። እኛ ግን ሲገናኙ አንፈቅድም፤ መካከል ገብተን ጥቅስ እናድላለን።

እንግዲህ ፈላስፋ ላስተዋውቃችሁ ብሎ ብዕር ለሚያነሣ ሁሉ የምጠይቀው ጥቂት ነው። አንደኛ፣ ሰውየው የተጨነቀበትን ጥያቄ አስቀድመህ ንገረን፤ ልደቱ ይቆየን። ሁለተኛ፣ ወደ መልሱ የሄደበትን መንገድ እርምጃ በእርምጃ አሳየን፤ መዝለል ካለም «እዚህ ላይ ዘለለ» በለን። ሦስተኛ፣ የተቃወመውን ሰው አቅርብልን፤ ደካማውን ሳይሆን ብርቱውን። አራተኛ፣ ከየትኛው መጽሐፉ እንዳነበብከው ንገረን፤ መጽሐፉን ካላየኸው ስለ ሌላ ነገር ጻፍ። አምስተኛ፣ አንተ ምን ትላለህ? ከፈላስፋው ስም ኋላ አትደበቅ።

ይህ ከሆነ አንድ ገጽ ይበቃል። አንዲት ጥያቄ ከነሙግቷ የገባችው አንባቢ የመቶ ፈላስፎችን ልደት በቃሉ ከያዘው ይበልጣል፤ ነገ አንድ ሰባኪ፣ አንድ ካድሬ፣ አንድ የፌስቡክ ጀግና ትልቅ ስም ጠርቶ ሊያስደነግጠው ሲሞክር አይደነግጥም። አባቶቹ ችሎት ላይ ይሉት የነበረውን ይላል፦ ስምህን ሰማሁ፤ አሁን ተጠየቅ።